ስም አምስት ጊዜ ለምን ይጠየቃል? ስለ አገልግሎት ተኮር አርክቴክቸር

ባለፈው ክረምት አክስቴ ከቆላ ድባ ታማ መጣች። ጎንደር ውስጥ ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰድኳት። ካርድ ክፍል ስሟን ከነአያቷ ተናገረች። ላብራቶሪው መስኮት ላይ ደግማ ተናገረች። ራጅ ክፍል ለሦስተኛ ጊዜ። ገንዘብ መክፈያው ጋ ለአራተኛ ጊዜ። ፋርማሲ ደርሰን "ማን ልበል እናቴ?" ስትባል ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች። "ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ቤት አይደሉም እንዴ?" አለችኝ።

አንድ ቤት ናቸው። አምስቱም መስኮት ላይ ኮምፒውተር ነበር። አምስቱም ሠራተኞች ትሁቶች ነበሩ፣ ሥራቸውንም ያውቃሉ። ችግሩ ኮምፒውተሮቹ አለመተዋወቃቸው ነው። በዚያ ቀን መረጃውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ በእጄ በያዝኳት ወረቀት።

እንጀራዬ ሲስተሞችን ማገናኘት ስለሆነ የአክስቴ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ባንክ በሉት፣ ዩኒቨርሲቲ በሉት፣ ማዘጋጃ ቤት በሉት፣ ትልቅ ድርጅት ሁሉ ይህ ችግር አለበት። ችግሩን ለመፍታት ከሚሞከሩት መንገዶች ዋነኛው አገልግሎት ተኮር አርክቴክቸር ይባላል። በሙያው ሰፈር ኤስኦኤ ነው የምንለው። ስሙ ያስፈራል። ሐሳቡ ግን ፋሲል ግንብን አንድ ጊዜ ዞሮ ላየ ሰው እንግዳ አይደለም።

ግቢውን አስቡት። አፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን የራሳቸውን ግንብ ሠሩ። ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አስገነቡ። ቀዳማዊ ኢያሱ የራሳቸውን ግንብ ጨመሩ። ከዚያ ዳዊት፣ ከዚያ በካፋ፣ ከዚያ እቴጌ ምንትዋብ። ተተኪው የቀዳሚውን አፍርሶ አልጀመረም፤ ከጎኑ የራሱን ሠራ። ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። ግን እያንዳንዱ የራሱ ዘመን፣ የራሱ አሠራር፣ የራሱ ደረጃ አለው።

የትልቅ ድርጅት ሲስተሞችም እንዲሁ ነው የሚበቅሉት። ፋይናንስ ክፍሉ አንድ ዓመት ላይ የሒሳብ ሲስተም ይገዛል። የሰው ኃይል ክፍሉ ከሌላ ድርጅት ሌላ ያሠራል። ፕሮጀክት ሲመጣ ሲስተም ይዞ ይመጣል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሲስተሙ ይቀራል፣ የሠራው ልጅም ሌላ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል። ከ10 ዓመት በኋላ ግቢው ሞልቷል። ማንም ክፉ አላሰበም። እያንዳንዱ ለራሱ ጊዜና ለራሱ ሥራ ትክክል ነበር።

ከዚያ አለቃ ይመጣና "አገናኙልኝ" ይላል።

መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ሁለት ሁለቱን በቀጥታ ማገናኘት ነው። ካርድ ክፍልን ከላብራቶሪ፣ ላብራቶሪን ከክፍያ፣ ክፍያን ከፋርማሲ። ሲስተሞቹ 5 ከሆኑና ሁሉም ከሁሉም ጋር መነጋገር ካለባቸው 10 መስመር ያስፈልጋል። 10 ሲሆኑ 45። 20 ሲሆኑ 190። እያንዳንዱ መስመር ደግሞ የራሱ ፕሮግራም፣ የራሱ ብልሽት አለው። የሙያው ሰዎች ይህን ስፓጌቲ ይሉታል። አንዱን ጫፍ ስትጎትቱ ሳህኑ ሁሉ ይነቃነቃል።

ከዚህ የባሰም አለ፤ እኔ በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ያየሁት እሱን ነው። አንድ ፕሮግራመር ይቸኩልና የሌላውን ክፍል ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ቋት፣ በቀጥታ ገብቶ ያነባል። ፈቃድ አለው፣ የይለፍ ቃል አለው፣ ሥራውም በአንድ ቀን ያልቃል። ሁሉም ያመሰግነዋል። ነገር ግን ያደረገው የጎረቤቱን ግድግዳ መብሳት ነው። ከስድስት ወር በኋላ የፋይናንሱ ባለሙያ በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ የአንድ ዓምድ ስም ይቀይራል። መብቱ ነው፣ ቤቱ ነው። ማን ቀዳዳ እንደበሳበት አያውቅም። በነጋታው ማንም ያላሰበው ሌላ ቢሮ ውስጥ ሪፖርት ይቆማል፣ ደመወዝ ይዘገያል። ጥፋተኛ ፍለጋው ሳምንት ይፈጃል።

በሩ ምን ይሠራል?

ወደ ግንቡ እንመለስ። ግቢውን የከበበው አጥር 900 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በሮቹ 12 ናቸው ይባላል፤ ስማቸውም ሥራቸውን ይናገራል። ወንበር በር የዳኞች ነው። እምቢልታ በር የነፊዎቹ። ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ። ተዝካሮ በር፣ እልፍኝ በር፣ ፊት በር። ሰው ጉዳዩን ያውቃል፣ በጉዳዩ በር ይሄዳል። ከበሩ ጀርባ ያለው አዳራሽ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ አይጠበቅበትም።

ኤስኦኤ ማለት በአጭሩ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሲስተም ግድግዳውን ይዘጋል፤ በምትኩ ስም ያለው በር ይከፍታል። ያ በር አገልግሎት ወይም ሰርቪስ ይባላል። ሌላው ሁሉ በዚያ በር ብቻ ይጠይቃል፣ በዚያ በር ብቻ መልስ ይቀበላል።

ዋናው ቁም ነገር በሩ የሚሰየመው በሥራው መሆኑ ነው። "ሠንጠረዥ ቁጥር 7ን አንብብ" የሚል በር አይሆንም። "ይህ የካርድ ቁጥር የማን ነው?" "ይህ ምርመራ ተከፍሎበታል?" "ይህ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ አለ?" እንደዚህ ነው የሚባለው። ጥያቄውን ኮምፒውተር የማያውቅ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ካልተረዳው በሩ በትክክል አልተሰየመም ማለት ነው። እኔ ይህን እንደ መመዘኛ እጠቀምበታለሁ።

እያንዳንዱ በር ላይ ደግሞ ውል ይለጠፋል። ምን እንደሚጠየቅ፣ በምን መልክ፣ ምን እንደሚመለስ፣ ማን መጠየቅ እንደሚፈቀድለት፣ መልሱ በስንት ሰከንድ እንደሚመጣ። ውሉ እስከተከበረ ድረስ ከበሩ ጀርባ ያለው ይፈርስ ይታደስ ለጠያቂው ግዱ አይደለም። የፋርማሲው ሲስተም ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ ሊዛወር፣ ከናካቴው በሌላ ሊተካ ይችላል። ካርድ ክፍል ምንም አይሰማውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አገልግሎት ተኮር አርክቴክቸር የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1996 የወጡ ጋርትነር የተባለው የቴክኖሎጂ አማካሪ ድርጅት ተንታኞች ጽሑፎች አስተዋወቁት። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሶፕ የሚባለው የመልእክት አጻጻፍ ተስፋፋ። በዚያው ዓመት ሮይ ፊልዲንግ የተባለ የኮምፒውተር ተመራማሪ በዶክትሬት ጥናቱ ሬስት የተባለውን ቀለል ያለ መንገድ አስቀመጠ። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለው መተግበሪያ ሁሉ ማለት ይቻላል እሱን ወይም የእሱን ዘመድ ይጠቀማል። ከሁሉ በላይ በሰፊው የሚወራው ግን የአማዞን ታሪክ ነው። ስቲቭ ዬጊ የተባለ የቀድሞ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደጻፈው፣ የድርጅቱ መሥራች ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2002 ገደማ ጥብቅ ትእዛዝ አወጣ። ማንኛውም ቡድን መረጃውን በበር ብቻ ይሰጣል። የሌላውን ዳታቤዝ በቀጥታ ማንበብ የለም። በሩ ደግሞ አንድ ቀን ለውጭ ሰው ሊከፈት እንደሚችል ታስቦ ይሠራል።

ብዙ ሥራ ያለው ውሉ ላይ ነው፣ ኬብሉ ጋ አይደለም

ሰዎች ሲስተም ማገናኘት ሲባል ኬብል፣ ሰርቨርና ኔትወርክ ይታያቸዋል። እሱ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያለፋው ትርጉም ነው። እኛ አገር ደግሞ ትርጉም የሚዛባባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።

ቀንን ውሰዱ። አንዱ ሲስተም የልደት ዓመት "2010" ብሎ ይልካል፤ በእኛ አቆጣጠር ነው። ተቀባዩ ሲስተም ውጭ አገር የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. 2010 አድርጎ ያነበዋል። ልጁ በአንድ ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ያድጋል። የመድኃኒት መጠን በዕድሜ በሚታይበት ቦታ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ጳጉሜ ደግሞ አለች። 13ኛ ወር መኖሩን የማያውቅ ሲስተም "ጳጉሜ 3" ሲደርሰው ስህተት ብሎ ይመልሰዋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። "ቀጠሮ 3 ሰዓት" ሲባል እኛ ጠዋት ነን፤ ማሽኑ ሌሊት ነው።

ስምም አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ነው። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ጸ እና ፀ ሲጨመሩ አንድ ታካሚ አራትና አምስት ካርድ ያወጣል። በላቲን ፊደል የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ አጻጻፉ እንደ ጸሐፊው ጆሮ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። "የቤተሰብ ስም" የሚል ክፍት ቦታ ያለው የውጭ ሲስተም ውስጥ አንዱ መዝጋቢ የአባት፣ ሌላው የአያት ስም ይሞላበታል።

እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የናሳ መንኮራኩር ማርስ ደርሳ ጠፋች። አንዱ ፕሮግራም የሞተሩን ግፊት በፓውንድ አስልቶ ሰጠ። ሌላው ኒውተን ነው ብሎ ተቀበለው። ቁጥሩ በደህና ደርሶ ነበር። ትርጉሙ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ስለዚህ ጥሩ ውል "ቀን" ብሎ አያቆምም። በየትኛው አቆጣጠር፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ ይወስናል። የእኔ ምክር በሲስተሞች መካከል አንድ ዓይነት ቀን ብቻ ይመላለስ የሚል ነው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር መቀየሩ ሰው በሚያየው ስክሪን ላይ ይሁን። ለስም ደግሞ ከፊደል ይልቅ ቁጥር መያዝ ይሻላል። እዚህ ላይ ፋይዳ ትልቅ ዕድል ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሕግ መሠረት ሰጥቶታል፤ ሲስተሙም ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው። አንድ ሰው አንድ ቁጥር ካለው ሃሌታው ሀ ይሁን ሐመሩ ሐ ብዙ አያስጨንቅም። በጤናው ዘርፍ ደግሞ ፋየር የሚባል ዓለም አቀፍ የመረጃ መለዋወጫ ደረጃ አለ። ታካሚ፣ ምርመራ፣ መድኃኒት እንዴት እንደሚጻፉ አስቀድሞ ተስማምቶበታል። የራሳችንን ከዜሮ ከመጻፋችን በፊት እሱን ማየት ብልህነት ነው።

መናኸሪያው

በእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ ትልልቅ ድርጅቶች በሮቹን ከከፈቱ በኋላ አንድ ዕቃ ገዙ። ኢንተርፕራይዝ ሰርቪስ ባስ ይባላል። መናኸሪያ ብላችሁ ያዙት። ከደባርቅ የመጣ፣ ከመተማ የመጣ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሁሉ መናኸሪያው ጋ ይገናኛል። ሲስተሞችም እንዲሁ፤ እያንዳንዱ ከመናኸሪያው ጋር ብቻ ይገናኛል። 20 ሲስተም ከሆነ 190 መስመር ቀርቶ 20 ይበቃል። መናኸሪያው መልእክት ይቀበላል፣ ይተረጉማል፣ ወደ ባለቤቱ ያደርሳል።

ጥሩ ነበር። ግን ዕቃው ሥልጣን እየጨመረ ሄደ። "ይህንን ሕግ እዚያ እናስገባው" እየተባለ የድርጅቱ ውሳኔ ሁሉ መናኸሪያው ውስጥ ተከማቸ። እሱን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ሆኑ። ሁሉም ክፍል ለትንሽ ለውጥ እነሱ ደጃፍ ወረፋ ያዘ። እሱ ሲቆም ደግሞ ሁሉም ቆመ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 አን ቶማስ ማኔስ የተባሉ ተንታኝ ኤስኦኤ ሞቷል ብለው ጻፉ። ስሙ ነው እንጂ አገልግሎቶቹ አልሞቱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጀምስ ሉዊስና ማርቲን ፋውለር የተባሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ማይክሮሰርቪስ የሚለውን፣ ሲስተሙን በብዙ ትንንሽ አገልግሎቶች የሚከፍል አሠራር በሰፊው አብራሩ፤ በሮቹ ብልህ ይሁኑ፣ መንገዱ ግን ተራ መንገድ ይሁን የሚል መንፈስ አለው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ለእኛ ዓይነት ድርጅት ማይክሮሰርቪስ ብሎ ሲስተሙን መቶ ቦታ መቆራረጥ አያስፈልግም። ሦስት ሰው ያለበት የአይቲ ክፍል መቶ በር ሊጠብቅ አይችልም። ጥቂት፣ ትልልቅ፣ በደንብ የተሰየሙ በሮች ይበቁናል።

ዋጋም አለው። እያንዳንዱ በር ከ100 ሰዓት 99ኙን ክፍት ነው እንበል። ጥሩ ነው አይደል? አንድ ሥራ ለመጨረስ 5 በሮችን ተራ በተራ ማለፍ ካለበት ግን ሁሉም አንድ ላይ ክፍት የሚሆኑት ወደ 95 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በዓመት ሲሰላ ወደ 18 ቀን የሚጠጋ "ሲስተም የለም" ማለት ነው። ይህችን ቃል ደግሞ ሁላችንም በደንብ እናውቃታለን።

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ እንደ ስልክ ጥሪ ማድረግ አያዋጣም። ስልክ ሁለቱም ሰዎች በአንድ ጊዜ መኖራቸውን ይፈልጋል። ደብዳቤ አይፈልግም። መዝገብ ቤት ደብዳቤ ስታስገቡ ገቢ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ዛሬ ባይገባም ነገ ያየዋል። ሲስተሞችም የመልእክት ወረፋ የሚባል መዝገብ ቤት አላቸው። ላብራቶሪው ውጤቱን ወረፋው ላይ ያስቀምጣል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሐኪሙ ክፍል ኔትወርክ ሲመለስ ውጤቱ ይደርሳል። ማንም ማንንም አይጠብቅም።

ገቢ ቁጥሯ ሌላም ሥራ አላት። ገንዘብ ልካችሁ ስልኩ ሲንቀራፈፍ "ሄደ? አልሄደም?" ብላችሁ ድጋሚ መጫን ታውቃላችሁ። ሲስተምም መልስ ሲያጣ መልእክቱን በዚያው ቁጥር ደግሞ ይልካል። በደንብ የተሠራ በር ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ "ይህን ቀድሜ ፈጽሜዋለሁ" ብሎ የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። ሁለት ጊዜ አይከፍልም፣ ሁለት ጊዜ የደም ምርመራ አያዝዝም። ሶፍትዌር ለመግዛት የምትደራደሩ ከሆነ ይህን ጥያቄ ለሻጩ አንሱለት፦ አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ቢደርሳችሁ ምን ይሆናል? መልሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ ካልተመለሰ ከንቱ ነው። መረጃው የማን ነው? የታካሚን ስም የማስተካከል ሥልጣን ያለው ካርድ ክፍል ነው ወይስ ላብራቶሪ? ሁለቱ ከተለያዩ የማን ይጸናል? ይህን ሰርቨር አይመልሰውም። የክፍል ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መጨቃጨቅ አለባቸው። ጭቅጭቁን ሸሽቶ በውድ ዋጋ መናኸሪያ የገዛ ድርጅት አለመግባባቱን በፍጥነት የሚያመላልስ ማሽን ነው የገዛው።

ኢስቶኒያ በዚህ ትጠቀሳለች። ትንሽ አገር ናት። ኤክስ ሮድ የተባለውን የመረጃ መለዋወጫ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ትጠቀማለች። የዜጎችን መረጃ አንድ ግዙፍ ዳታቤዝ ውስጥ አልሰበሰቡትም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ይዟል፤ ሌላው ሲፈልግ በበሩ ይጠይቃል። ማን ምን እንደጠየቀ ይመዘገባል። እኛም አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። ግድግዳ የሚበሳበት አሠራር ማን የማንን መረጃ እንዳየ ማስረዳት አይችልም። በር ያለው ግን መዝገብ አለው። የአክስቴን የምርመራ ውጤት ፋርማሲው ሁሉ እንዲያየው አልፈልግም። የታዘዘላትን መድኃኒትና መክፈሏን ካወቀ ይበቃዋል።

ታዲያ አሮጌውን ሁሉ አውጥቶ መጣል ነው? በፍጹም። ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ መንገድ ጽፏል፤ ምሳሌውን የወሰደው በሌላ ዛፍ ላይ ተጠምጥማ ከምታድግ የሾላ ዘመድ ነው። እኛ ምሳሌውን ከቀሃ ወንዝ አጠገብ እናገኘዋለን። የፋሲል መዋኛን አጥር ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች አስታውሱ። ድንጋዩን በአንድ ቀን አልያዙትም። ቀስ እያሉ ዙሪያውን ወረዱ። አዲስ ሲስተምም እንዲሁ ቢገባ ይመረጣል። በአሮጌው ፊት በር ይተከላል። መጀመሪያ በሩ ጥያቄውን ሁሉ ወደ አሮጌው ያሳልፋል። ከዚያ አንዱን ሥራ አዲሱ ይወስዳል፣ ከወራት በኋላ ሌላውን። ጠያቂው ሁልጊዜ የሚያንኳኳው ያንኑ በር ነው።

ለሆስፒታል ቢሆን እኔ በአንዲት በር እጀምር ነበር። "ይህ የካርድ ቁጥር የማን ነው?" ባለቤቱ ካርድ ክፍል። የሚመልሰው ስም፣ ፆታ፣ የልደት ቀን፤ ከዚያ ያለፈ የለም። መጀመሪያ ላብራቶሪ ብቻ ይጠቀምባት፣ ለአንድ ወር። ስህተቷ ሲታረም ራጅ ክፍል ይጨመር፣ ቀጥሎ ክፍያ፣ ቀጥሎ ፋርማሲ። ውሉን መቀየር ካስፈለገ ሁለተኛ እትም ጎን ለጎን ይከፈት። የመጀመሪያው የሚዘጋው የመጨረሻው ተጠቃሚ ወደ አዲሱ ከተሻገረ በኋላ ነው፤ የሚዘጋበት ቀንም አስቀድሞ ለሁሉም ይነገራል።

አክስቴ የክትትል ቀጠሮ አላት። በዚያች አንዲት በር ብቻ ስሟን የምትናገረው አንድ ጊዜ፣ ካርድ ክፍል ላይ ነው። ሌሎቹ አራት መስኮቶች ካርዷን አይተው ራሳቸው በስሟ ይጠሯታል።